መልስ፦ የኦኔሲሞስ ነሲብ ዓመቶች አልገጥም ላሉህ

ለወጣቶች ፕሮግራም ባነር፣ ኦኔሲሞስ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ የታተመበት ዓመት 1891 ነው ወይስ 1899 ላልከው፦ 1899 የፈረንጅ ነው። በእኛ 1891 ላይ የሚያርፈው ከመስከረም በፊት ከሆነ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲህ 1892 ይሆናል። ወሩን ካልያዝክ አትቀይረው፤ «1899 እ.ኤ.አ.» ብለህ ተወው።

ሌሎቹን እንዲህ ጻፍ፦

1. ሐዲስ ኪዳን፦ 1893 እ.ኤ.አ.፣ ምንኩሉ፣ ምጽዋ አጠገብ።
2. መላው መጽሐፍ፦ 1899 እ.ኤ.አ.፣ ቅድስት ክሪሾና፣ ስዊዘርላንድ። በፊደላችን ነው የታተመው፣ በላቲን አይደለም፤ የቁቤ ናሙና ምስል እንዳትለጥፍ።
3. ዕረፍቱ፦ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.። ይሄኛው ቀኑ ስላለ መቀየር ይቻላል።

የልደቱን ዓመት «1856 እ.ኤ.አ. ገደማ» በለው። በልጅነቱ ለባርነት ስለተሸጠ የተመዘገበ ቀን የለም። የልጅነት ስሙ ሂካ ነው፣ ትርጉሙም «ተርጓሚ»፤ ከፈለግክ መግቢያ ይሆንሃል።

አንድ ጥንቃቄ፦ «ብቻውን ተረጎመው» አትበል። የሥራ ባልደረባው አስቴር ጋኖ ቃላት በማሰባሰቡም በትርጉሙም ትልቅ ድርሻ አላት፣ ስሟ ሲዘለል አዳራሹ ውስጥ የሚያርምህ አይጠፋም። ፒያሳ ስታሳትምም ናሙናውን ሳታይ አትክፈል፤ ቦታ ሲጠብባቸው መጀመሪያ የሚቆርጡት «እ.ኤ.አ.»ን ነው።