በእንግሊዝኛ «ማንም አልመጣም» ለማለት «ኖባዲ ዲድንት ካም» የሚሉ ተማሪዎችሽን እንዴት ታርሚያቸው?

ስህተቱ የሚመጣው ከአማርኛው ነው። «ማንም አልመጣም» ስንል አፍራሹ፣ ማለትም «አይደለም» የሚለውን ሐሳብ የሚያመጣው ክፍል፣ ያለው ግሡ ላይ ነው፣ «አል...ም» የሚለው። «ማንም» ብቻውን አያፈርስም። «ማንም ይችለዋል» እንል የለ? እንግሊዝኛው ግን አፍራሹን እዚያው «ኖባዲ» ውስጥ ከቶታል። ስለዚህ ግሡ ሳይፈርስ ይቀራል፦ «ኖባዲ ኬም»። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፤ የአፋቸውን ቋንቋ ሕግ በትክክል ተከትለው ነው። ይህን ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

እንዲህ ሞክሪው፦

1. ሰሌዳው ላይ ባዶ ታንኳ ሳዪ። ባሕር ዳር ላደገ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ታንኳው ላይ ማንም የለም» ብለሽ ጻፊና «የለም» ከሚለው ሥር አስምሪ።

2. ሁለት መንገድ ብቻ ስጫቸው፦ «ዜር ኢዝ ኖባዲ» ወይም «ዜር ኢዝንት ኤኒባዲ»። አንድ ዐረፍተ ነገር፣ አንድ አፍራሽ።

3. አሁን ቀዛፊ ጨምሪበት። «ሰምባዲ» (አንድ ሰው) በራሱ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። «ማንም ማለት ኤኒባዲ ነው» ብለሽ እንዳታስጽፊያቸው። እኔ ጣና ዳር እንግዳ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚወስዱ ወጣቶችን ሳስተምር እንዲያ አስጽፌ፣ በሳምንቱ ሁሉም «ኤኒባዲ ዲድንት ካም» ይሉኝ ጀመር። ባለቤቱ አፍራሽ ሲሆን «ኖባዲ» ነው መቅደም ያለበት። ያንን ከአፋቸው ለማውጣት ወር ሙሉ ፈጅቶብኛል።