ተራኪው ለምን ዝም አለ?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፈረንሳይኛ የተማርኩት በሥራዬ ምክንያት ነው። ለልምምድ ይሆንሻል ብሎ አንድ ባልደረባዬ «የጥቁር ጨረቃ ዜና መዋዕል» የተባለውን የፈረንሳይ የሥዕል ታሪክ የመጀመሪያ 5 ቅጾች አዋሰኝ። ዊስመርሂል የተባለው ጀግና ሲጀምር አንጀት የሚበላ ልጅ ነበር። እየቆየ ግን ከጥቁር ጨረቃ ጎን ተሰልፎ የሚያዋጋ፣ ለሰው ነፍስ የማይሳሳ ሰው ሆነብኝ። ታሪኩም ይህን እንደ ተራ ነገር አይቶት ያልፋል። «ይህ ልጅ ተበላሸ» የሚል አንድ መስመር ፈልጌ አጣሁ። ደራሲው ክፋትን እየመረቀ ነው? ደግሞም ገጾቹ እንደተሰበረ መስታወት ናቸው፤ የትኛውን ሥዕል አስቀድሜ እንደማነብ ግራ ይገባኛል። — ወ/ሮ ሰ.

መልስ፦ ወ/ሮ ሰ.፣ እኔ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በሦስተኛው ቅጽ ነው። ፓሪስ ተማሪ ሳለሁ ከሴን ወንዝ ዳር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ በ30 ፍራንክ ገዛሁት፤ አንደኛውና ሁለተኛው አልነበሩትም። ማን የማን ወዳጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደከዳ የሚነግረኝ አልነበረም። መዝገበ ቃላቴን ጭኔ ላይ አድርጌ አንብቤ ስጨርስ ነጋ። በዚያ ሌሊት የጠየቅሁት እርስዎ የጠየቁትን ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤዎ የደረሰኝ እንደ ድሮ ጓደኛ ደብዳቤ ነው።

ደራሲው ክፋትን አይመርቅም። ፍርዱን ግን ለተራኪው አልሰጠውም።

ርዕሱን ይመልከቱት። በፈረንሳይኛው «ክሮኒክ» ነው የሚለው፤ እኛም ዜና መዋዕል ስንለው በትክክል ይዘነዋል። የዜና መዋዕል ጸሐፊ ጌታው ወዴት እንደዘመተ፣ ማንን እንደሾመ፣ የትኛውን ምሽግ እንደሰበረ ይመዘግባል፤ ከተሸነፈው ወገን ተቀምጦ አያለቅስም። ይህ ታሪክ የዚያን ጸሐፊ ድምፅ ተውሷል። የትረካ ሳጥኖቹ ስለ ጦርና ስለ ዙፋን ይናገራሉ፤ ስለ ጸጸት የሚናገር ሳጥን ከፈለጉ ብዙ ገጽ ይገልጣሉ።

ሌላው ምክንያት ታሪኩን የጻፈው ሰው የመጣበት ሠፈር ነው። ፍራንሷ ማርሴላ ፍሮድቫል እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው «ካሱስ ቤሊ» የተባለው የፈረንሳይ የጨዋታ መጽሔት መሥራቾች አንዱ ነው። በኋላ ከጌሪ ጋይጋክስ ጋር ሠርቷል፤ ጋይጋክስ ደግሞ በ1974 ለገበያ ከበቃው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከተባለው የሚና ጨዋታ ፈጣሪዎች አንዱ ነው። ጨዋታውን አይተው የማያውቁ ከሆነ፦ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ አንደኛው የጨዋታው መሪ ይሆናል። መሪው «በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ይመርጣሉ፣ ዳይስ ይጣላል፣ መሪው የሆነውን ይነግራቸዋል። መምከር ሥራው አይደለም። የተሳሳተ በር የከፈተ ሰው የሚያገኘው ተግሣጽ ሳይሆን ከበሩ ጀርባ ያለውን ነገር ነው።

በዚህ ጨዋታ የየአንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ዝንባሌ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። አንዱ መስመር ደግ፣ መካከለኛ፣ ክፉ ይላል፤ ሁለተኛው ሥርዓት አክባሪ፣ መካከለኛ፣ ሥርዓት አልባ ይላል። ሲባዛ 9 ዓይነት ሰው ይወጣል። ፍሮድቫል ይህን ሠንጠረዥ ወስዶ አጣመመው፤ የታሪኩ ትልቁ ብልሃት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ዊስመርሂል የሚኖርበት ዓለም ለአራት ኃይሎች ተከፍሏል፦ ንጉሠ ነገሥት ሃገንዶርፍ፣ በፓርሲፋል የሚመሩት የፍትሕ ፈረሰኞች፣ የብርሃን ሥርዓት፣ እና የጥቁር ጨረቃው ጌታ ሃዚል ቶርን። ስማቸውን ብቻ ሰምቶ ብርሃንን የማይመርጥ ሰው የለም። ነገር ግን የብርሃኑ ማኅበር አለቃ ስሙ ፍራቱስ ሲኒስተር ነው። በላቲን «ሲኒስተር» ግራ ማለት ነው፤ ከዚያው የወጣው የፈረንሳይኛ ቃል ደግሞ አስጨናቂ፣ ክፉ ጥላ ያጠላበት ነገርን ይገልጻል። ደራሲው ምንም ሳይሰብክ በስም ብቻ ነገረን። ልጁ ወደ ጨለማ ሲሄድ ከኋላው ጥሎት የሚሄደው ብርሃን ምን ዓይነት እንደሆነ ስናይ ፍርዳችን አንደበታችን ላይ ይቀራል።

ስሞቹን ሁሉ እንዲህ ያንብቧቸው። የዊስመርሂል ተሳላቂ ጓደኛ ስሙ ፒል ኡ ፋስ ነው፤ ሳንቲም ሲወረወር የሚባለው ነው፣ በእኛ «ዘውድ ወይስ ጎፈር»። ይህ ሰው አጠገቡ ሆኖ ሲያላግጥ በሰማሁ ቁጥር የልጁ ዕድል ገና በአየር ላይ የሚሽከረከር ሳንቲም መሆኑ ትዝ ይለኛል። እንደ ጎርጎር ቤይ ያሉትን ግዙፍ ተዋጊዎች ጨምሮ ባልንጀሮቹ አንድ በአንድ የሚሰበሰቡት፣ እያንዳንዱም የራሱ ሙያና የራሱ ጉድለት ያለው፣ ከዚያው ከጨዋታ ጠረጴዛው ልማድ ነው። ከእልቂት በኋላ ቀልድ የሚወረወረውም እንዲሁ። ይህ ብዙ አንባቢ ያስቀይማል። እኔ ግን ቀልዱ እዚያ ባይኖር እልቂቱን እንዲህ አላስታውሰውም ነበር እላለሁ፤ ስቄ ገጹን ልገልጥ ስል እጄ የቆመበት ጊዜ አለ።

ወደ ገጾቹ ልምጣ፤ በጣም የምወደው ክፍል ነውና ታገሡኝ። የመጀመሪያዎቹን 5 ቅጾች የሣለው ኦሊቪዬ ለድርዋ ነው። በ1969 የተወለደ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1989 ዘንዳ በተባለው አሳታሚ ሲወጣ ገና ወጣት ነበር። የወጣትነቱ ጉልበት ከወረቀቱ ይተናል። በፈረንሳይ የቆየው አሠራር ሠዓሊው በጥቁር ቀለም ይሥላል፣ ኅብረ ቀለሙ በሌላ ወረቀት ላይ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ሰው እጅ፣ ይሠራል የሚል ነበር። ለድርዋ ከሥዕሉ ጋር ቀለሙን በዚያው ዋና ወረቀት ላይ ያፈሳል፤ ፈረንሳዮች «ቀጥተኛ ቀለም» ይሉታል። ስለዚህ እሳቱና ጭሱ የተቀባ ቀለም አይመስልም፤ ሥዕሉ ራሱ የሚቃጠል ይመስላል።

የተሰበረ መስታወት ያሉት ነገርም የዘር ሐረግ አለው። የድሮው ገጽ ሥዕሎቹን በአራት ረድፍ እንደ መደርደሪያ ያስቀምጥ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕ ድሩዬ «ፒሎት» በተባለው መጽሔት ላይ መደርደሪያውን አፈረሰው፤ ክፈፎቹን አዘመመ፣ አንዱን ሥዕል በጥንድ ገጽ ላይ ዘረጋ፣ ሰውን ከግዙፍ ሕንፃ ሥር እንደ ጉንዳን አሳነሰ። ለድርዋን ሳይ የዚያ ቤት ልጅ ይመስለኛል።

እንዴት ይነበብ? እኔ የማደርገውን ልንገርዎ። ገጹን ስገልጥ ቃሉን አላነብም። ግራና ቀኙን አብሬ እንደ አንድ ትልቅ ሥዕል አያለሁ፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ትልቁ አካል የማን እንደሆነ እፈልጋለሁ። ከዚያ ወደ ላይኛው ግራ ጥግ ተመልሼ የንግግር ፊኛዎቹን እከተላለሁ። ሁለት ፊኛ በአንድ ክፈፍ ካሉ ከፍ ያለውና ወደ ግራ ያለው ቀድሞ ይናገራል። ክፈፎቹ ቢጋደሙም ቢሰበሩም ፊኛዎቹ መንገድ ናቸው፤ ሠዓሊው ሌላውን ሁሉ ሊያፈርስ ይችላል፣ መንገዱን ካፈረሰ ግን አንባቢ ያጣል።

አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዎን ይዘው ወደ ጥንድ ገጾቹ ይመለሱ። የጦር ሜዳውን ሲያዩ መጀመሪያ ዓይንዎን የሚይዘው ሰንደቁ፣ ጋሻው፣ ዘንዶው ነው፤ ያምራል። እኔም ሁልጊዜ ያምረኛል። ቀጥሎ ከታች፣ ስም የሌላቸው ትንንሽ ሰዎች ሲወድቁ ያያሉ። ስለ እነርሱ ሳጥን አይጻፍም። ውበቱን የወደደው ዓይን ያው እነርሱን ያየ ዓይን ነው። ተራኪው ዝም ያለው ይህ በእርስዎ ውስጥ እንዲሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቅሬታ ሳልናገር አላልፍም። ሴቶቹ የተሣሉበት መንገድ ያሳዝነኛል። ከአጋንንት ወገን የሆነችው ፌድሬቫ አስተዋይ ናት፣ ኃይለኛ ናት፤ ሠዓሊው ግን ልብስ ነፈጋት። ወንዶቹ ከጥፍር እስከ ራስ በብረት ተሸፍነው እሷ በጦር ሜዳ እርቃኗን ትቆማለች። የዘመኑ ልማድ ነው ይባላል፤ ልማድ መሆኑ አልጠፋኝም፣ ግን ገጸ ባሕርይዋን አሳነሰብኝ።

ጥያቄ፦ ከዚሁ ታሪክ «ቅጽ 0» የሚባል እንዳለ ሰማሁ። ቁጥሩን ተከትዬ ከእሱ ልጀምር ወይስ ከ1? ሠዓሊው መቀየሩስ ታሪኩን አይጎዳም? — አ. ተ.

መልስ፦ ከ1 ይጀምሩ። ቅጽ 0 የተጻፈው ብዙ ቆይቶ፣ መጨረሻውን ለሚያውቅ ሰው ነው። ፈረንሳዮች ይህን ወደ ኋላ የመመለስ ነገር ይወዱታል። በሰርጅ ለ ታንድርና በሬጂስ ሎዋዜል የተሠራው «የጊዜ ወፍ ፍለጋ» የመጀመሪያዎቹ 4 ቅጾች ከ1983 እስከ 1987 ወጡ፤ ጀግናው ብራጎን እዚያ ያረጀ ፈረሰኛ ነው። ወጣትነቱን የሚተርከው ዙር የተጀመረው በ1998 ነው። ሽማግሌውን ያላየ ሰው ወጣቱን ቢያይ አንድ ተራ ጎረምሳ ነው የሚያየው። የጥቁር ጨረቃውም እንዲሁ ነው፤ የዊስመርሂል አባት ማን እንደሆነ በጊዜው መስማት አለብዎ፣ እኔም እዚህ አልነግርዎትም።

ሠዓሊውን በተመለከተ፣ ከ6ኛው ቅጽ ጀምሮ ሲሪል ፖንቴ ተረከበ። በፈረንሳይ ጸሐፊና ሠዓሊ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዎች ስለሆኑ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ለድርዋን ናፈቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ተለማመድኩ። የፖንቴ ገጽ ይበልጥ ይጠራል፤ ታሪኩ ብዙ ሰው ባበዛበት ጊዜ ይህ ጠቅሞታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 17 ነው። የራሴን ጨለማ ምናባዊ ታሪክ በ200 ገጽ መሣል እፈልጋለሁ፤ 9 ገጽ ሠርቼ ቆምኩ። የት ነው የተሳሳትኩት? — ዮ.

መልስ፦ ዮ.፣ 9 ገጽ የጨረሰ ልጅ አልተሳሳተም፤ የቆምከው ጭነቱ ስለከበደህ ነው። የፈረንሳይ አልበም፣ ማለትም የሥዕል ታሪክ አንድ ቅጽ፣ ልማድ እዚህ ላይ ያግዝሃል። አልበሙ አብዛኛውን ጊዜ 48 ገጽ ነው። ምክንያቱ የማተሚያ ቤት ነው፦ ትልቁ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ሦስቱ ሲሰፋ 48 ይሆናል። የርዕሱ ገጽ ሲቀነስ ለታሪኩ 46 ገጽ ገደማ ይቀራል። ፍሮድቫል ያንን ሰፊ ዓለም የቆረሰው በዚህ መስፈሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር 14 ቅጽ ፈጀ። አንተም 200ውን እርሳና 46 ገጽ አስብ።

እርሳስህን ከማንሳትህ በፊት አንድ ወረቀት ላይ 46 ትንንሽ ሳጥን ሥራ፤ እያንዳንዱ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ይሁን። ጎዶሎ ቁጥሮቹ በቀኝ፣ ሙሉዎቹ በግራ ይሁኑ፤ መጽሐፍ ሲከፈት እንደዚያ ነውና። የተደበቀ ነገር የሚገለጠው በግራ ገጽ፣ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነው፤ በቀኝ ገጽ ካስቀመጥከው የአንባቢው ዓይን ሳያስበው አስቀድሞ ይሰርቀዋል። ስለዚህ ጥያቄው በቀኝ ገጽ ግርጌ፣ መልሱ በግራው አናት ይቀመጥ። ይህ ብልሃት በየሳምንቱ አንድ ሁለት ገጽ ያትሙ ከነበሩት መጽሔቶች ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው፤ የገጹ መጨረሻ ሥዕል አንባቢውን ለሳምንት አንጠልጥሎ ማቆየት ነበረበት።

ጥንድ ገጹን ለአንድ ወይም ለሁለት ቦታ ብቻ ቆጥብ። የላክልኝን 9 ገጽ አይቼዋለሁ፤ 3 ጥንድ ገጽ አለው፣ ሦስቱም ጦርነት ነው። ሁለተኛው ላይ ፈረሱን የያዘው ልጅ ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ የሣልከው ትንሽ ክፈፍ ግን ከሦስቱም ይበልጣል። ስሙን አልጻፍክም። ማን እንደሆነ ጻፍልኝና 10ኛውን ገጽ ከእሱ ጀምር።