የአባቴን የመከላከል አቅም በምን ላሳድግ?

ጥያቄ፦ የ68 ዓመት አባቴን ስትሮክ መታቸው። በአራተኛው ቀን የሳንባ ምች ተጨመረባቸው። አንደኛው ሐኪም «በሽታ የመከላከል አቅማቸው ወርዷል» አሉን፤ ሌላዋ ደግሞ «የራሳቸው ነጭ የደም ሕዋሳት የተጎዳውን አንጎል እያጠቁ ነው» አሉ። የቱን እንመን? አክስቴ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሰው ሊያጎርሷቸው ተነሥተዋል።
ልጃቸው፣ ከደሴ

መልስ፦ በመጀመሪያ ማንኪያውን ከአክስትዎ ይቀበሉልኝ። ጥቁር አዝሙድን ጠልቼ አይደለም። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ይቸግረዋል፤ የጎረሰው ማር ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምቹን ያባብሰዋል።

ሐኪሞቹ ሁለቱም ልክ ናቸው። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ሲሞት፣ እዚያው የሚኖሩት ማይክሮግሊያ የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ወዲያው ይነቃሉ። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊሎች፣ በቀናት ውስጥ ደግሞ ቲ ሕዋሳት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ይደርሳሉ። የሞተውን ማጽዳት ግድ ነው፤ ችግሩ ሌባ ሲያባርር የጎረቤት አጥር እንደሚያፈርስ ዘበኛ፣ ሊተርፍ የሚችለውንም መጉዳታቸው ነው። የነርቭ ክሮችን ከሚሸፍነው ማይሊን የሚወጣ ፕሮቲንም እንደ ባዕድ ሊቆጠር ይችላል። በአሜሪካዋ ሲያትል የነርቭ ሐኪሟ ካይራ ቤከርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ይህ ፕሮቲኑን እንደ ባዕድ የማጥቃት ምላሽ ኢንፌክሽን በያዛቸው የስትሮክ ሕሙማን ላይ ይበልጥ ታይቷል፤ ምላሹ የታየባቸው ሰዎች ከሦስት ወር በኋላ የነበራቸው ማገገምም ደካማ ነበር። የአባትዎ ምች የሳንባ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል የቆሰለው አንጎል በነርቮችና በጭንቀት ሆርሞኖች አማካይነት የቀረውን ሰውነት መከላከያ ያዳክማል፤ በደም ውስጥ ያሉት ሊምፎሳይቶች (ቲ ሕዋሳትን የሚጨምሩ ነጭ የደም ሕዋሳት) ይቀንሳሉ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን አንጎል ራሱን ከጥቃት የሚያድንበት ዘዴ አድርገው ያዩታል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሳንባ ነው።

«እንግዲያው መከላከያውን እናሳድገው» ወይም «እናፍነው» ማለት ቀላል ነው፤ ማፈኑ ግን ሊጎዳ እንደሚችል ታይቷል። ኤንሊሞማብ የተባለ፣ ነጭ ሕዋሳት ከደም ሥር ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቁ የሚከለክል መድኃኒት በ625 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም መድኃኒቱን የወሰዱት ብሰው ተገኙ።

ስለዚህ ወደ አባትዎ አልጋ፣ ወደ እንክብካቤው ይመለሱ። መዋጥ መቻላቸው በባለሙያ እስኪረጋገጥ ድረስ በአፋቸው ውሃም አይስጡ። ከወገባቸው ቀና አድርገው ያስተኟቸው፤ አፋቸውን ጠዋትና ማታ ያጽዱላቸው። የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ትኩሳቱ ቢወርድም ሳያቋርጡ ያስጨርሷቸው። መብላት ሲፈቀድላቸው ምግቡ ምን ያህል መላም ወይም መወፈር እንዳለበት ነርሷን ይጠይቁ፤ ሲጎርሱ ካሳሉ ወይም ድምፃቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ውሃ ያለ መስሎ ከተሰማ ወዲያው አቁመው ይንገሯት።