ኮፒው 100% ካለ በኋላ ፍላሹ ለምን አልወጣም ይላል?

«ጋሼ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ። ኮምፒውተሬ ኡቡንቱ ነው፣ ራሙ 16 ጊጋ። የሠርግ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ኮፒ ሳደርግ ቶሎ 100% ይላል። ፍላሹን ላውጣ ስል ግን ‹ይጠብቁ› እያለ ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ደንበኛ ሲቸኩልብኝ ነቅዬ ከሰጠሁት ቪዲዮው መሃል ላይ ይቆረጣል። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ራም ልጨምር?»

ለዚህ ብለህ ራም አትጨምር ወንድሜ። ይብስብሃል።

ኡቡንቱ የቆመበት ሊኑክስ ዳታውን ወዲያው ፍላሹ ላይ አያወርደውም። ራም ላይ ይቀበልና ለፕሮግራሙ «ጨርሻለሁ» ይለዋል። 100% የምታየው ለዚህ ነው። ፍላሹ ላይ የሚጽፈው ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት ነው፣ ከኋላ ሆኖ በራሱ ጊዜ። በየ5 ሰከንዱ እየነቃ 30 ሰከንድ የቆየውን ዳታ ያወርዳል። ያልተጻፈው 10% ካለፈ ጊዜውን ሳይጠብቅ ማውረድ ይጀምራል። ወደ 20% ሲጠጋ ደግሞ የሚጽፈውን ፕሮግራም ራሱን እየያዘ ያዘገየዋል።

መቶኛው የሚሰላው ከነፃው ራምና ከፋይል ካሹ (ራም ላይ ለጊዜው ከተቀመጠው የፋይል ቅጂ) ነው። ባንተ ማሽን ይህ 14 ጊጋ ቢሆን 20% ማለት 2.8 ጊጋ ነው። ርካሽ ፍላሽ በሰከንድ 10 ሜጋ ከጻፈ፣ ይህን ለመጨረስ 280 ሰከንድ ይፈጅበታል። ወደ 5 ደቂቃ መሆኑ ነው። ራሙን 32 ብታደርገው ወረፋው እጥፍ ይሆናል፤ ፍላሹ ግን ያው ፍላሽ ነው። የሚያንቀራፍፍህም ይኸው ነው። ገደቡ የጋራ ስለሆነ ፍላሹ ሲሞላው ሌላውም ፕሮግራም ለመጻፍ ይጠብቃል።

በዓይንህ እይው። ኮፒ እያደረግህ ፕሮክ ፎልደር ውስጥ ያለውን ሜምኢንፎ ፋይል ደጋግመህ ክፈት። «ደርቲ» የሚለው መስመር፣ ማለትም ገና ያልተጻፈው ዳታ፣ ሲያብጥ፣ ከ100% በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ሲወርድ ታያለህ። ከሱ ሥር ያለው «ራይትባክ» አሁን በመጻፍ ላይ ያለው ነው።

መፍትሔው ገደቡን በመቶኛ ሳይሆን በባይት መስጠት ነው። ቪኤም ዶት ደርቲ አንደርስኮር ባክግራውንድ አንደርስኮር ባይትስ የሚለውን 67108864 አድርገው፤ 64 ሜጋ ነው። ቪኤም ዶት ደርቲ አንደርስኮር ባይትስ የሚለውን 268435456፤ 256 ሜጋ። ኢቲሲ ሥር ባለው ሲስሲቲኤል ዶት ዲ ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ በዶት ኮንፍ የሚያልቅ ፋይል ላይ ጻፋቸውና ሪስታርት አድርግ። የመቶኛዎቹ ቦታ ዜሮ ቢያሳይህ አትደንግጥ፤ ባይቱ ሲሞላ እነሱ ይጠፋሉ።

አሁን 100% ካለ በኋላ የሚቀረው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ጠቅላላ ሰዓቱ ግን አያጥርም፤ የምታየው የኮፒ መስመር ብቻ ነው እውነተኛ የሚሆነው። ከዚህም ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። ላንተ አልመክርም፤ ገደቡ ለውስጥ ዲስክህም ስለሚሠራ ቪዲዮ ሬንደር ስታደርግ ሊይዝህ ይችላል። ለፍላሹ ብቻ መገደብም ይቻላል፣ ግን ፍላሽ በተሰካ ቁጥር መደገም አለበት። ፎቶ ቤት ውስጥ አያዋጣም።

«ካሹን አጥፋ» የሚል ምክር ከሰማህ እለፈው። የሚያጠፋው የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ያልተጻፈውን አይነካም።

ፍላሹን ሁልጊዜ ኢጀክት አድርገህ አውጣ። ይህን በምንም አትተካውም። ቪዲዮውን ለደንበኛ ከመስጠትህ በፊት ስትፈትሸውም፣ ፍላሹ እንደተሰካ አጫውተህ አትመን። የሚጫወትልህ ራም ላይ ያለው ሊሆን ይችላል። አውጣው፣ መልሰህ ሰካው፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ተመልከት።