ጠይቁን፦ በዓይን የማይታየው የብየዳ ስንጥቅ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ሱሉልታ ላይ ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ። ለአንድ የወተት ማቀነባበሪያ ወፍራም የእንፋሎት ቧንቧ በ7018 ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በይጄ በሳሙና አረፋ ስሞክረው ምንም አልነበረውም፣ በ3ኛው ቀን ግን ብየዳው ጠርዝ ላይ ላብ ላብ ማለት ጀመረ። ብፈልግ ብፈልግ ስንጥቅ የለም። ጓደኛዬ ኤክስሬይ ይነሳ ይለኛል፣ ወጪው ደግሞ ከበደኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድማችን ኤክስሬዩን ለጊዜው ተወው። ቀዳዳና ውስጥ የቀረ ስላግ (የብየዳ ዝቃጭ) ጥሩ አድርጎ ያሳያል፣ ቀጭን ስንጥቅ ግን ጨረሩ በስንጥቁ አቅጣጫ ካልገባ ፊልሙ ላይ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ላንተ ፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የሚያሳይ ቀለም) ይሻልሃል፣ 3 ጣሳ ስፕሬይ ነው፣ ማጽጃ፣ ቀይ ቀለም፣ ቀለሙን ከስንጥቁ ስቦ የሚያወጣ ነጭ ዴቨሎፐር።

መጀመሪያ እንፋሎቱን ዝጋና ግፊቱን ልቀቅ፣ ከዛ ቦታውን አሙቀህ አድርቀው፣ ምክንያቱም ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ካለ ቀለሙ አይገባም። በግራይንደር እንዳትነካው፣ ብረቱን ስንጥቁ አፍ ላይ ይለጥፈዋል፣ የሽቦ ብሩሽና ማጽጃ ይበቃል። ቀዩን ነፍተህ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቅ (የሱሉልታ ጠዋት ብረቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ቀለሙ ስለሚሰንፍ ፀሐይ ትውጣና ስራ)። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፣ ማጽጃውን ብየዳው ላይ በቀጥታ ይነፋና ስንጥቁ የያዘውን ቀለም ሁሉ አጥቦት ቁጭ። በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ መጨረሻ ላይ ጨርቁን ብቻ በማጽጃ አርጥበው። ነጩን ስስ አድርገህ ንፋና 10 ደቂቃ ቆይ፣ ቀይ መስመር ከወጣ ስንጥቅ ነው፣ ክብ ነጥብ ከሆነ ቀዳዳ። ፔኔትራንት ግን ላይ ድረስ የተከፈተውን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ውስጥ ለተደበቀው አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

ለምን በ3ኛው ቀን መጣ ላልከው፣ እኔ የምጠረጥረው ኤሌክትሮዱን ነው። ክረምቱን ሙሉ ፓኬቱ ተከፍቶ ተቀምጦ ነበር እንዴ? እርጥበቱ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ብረቱ ውስጥ ይቀርና ብየዳው ከቀዘቀዘ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከ2 ቀን በኋላ ይሰነጥቀዋል፣ ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ብየዳ ከ48 ሰዓት በኋላ እንደገና የሚፈተሸው። እርጥበት የነካው 7018 ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ኦቨን 2 ሰዓት ያህል ይጠበሳል፣ ምጣድ ላይ ሞቅ ሞቅ ማድረግ አይቆጠርም።

ስንጥቁ ከተገኘ ደርበህ እንዳትበይድበት። አሁን ግራይንደሩን አውጣና ቆፍረህ አውጣው፣ ጉድጓዱን በፔኔትራንት ደግመህ እይ፣ ቀይ ከጠፋ በኋላ ነው መበየድ። ስፕሬዩ እሳት ይወዳል፣ ቅሪቱን በደንብ ጥረግ፣ ጣሳዎቹንም ራቅ አድርጋቸው።