ጥያቄና መልስ፦ ከላቫንዲኖው ሥር የሚታየውን ቧንቧ እንዴት እንሸፍነው?

ጥያቄ፦ ቤታችን ፍኖተ ሰላም ነው። ዋናው ቤት የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ሲሆን፣ መታጠቢያ ቤቱን በቅርቡ ከጎኑ በ10 ብሎኬት (10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው) ቀጥለን ሠራን። ላቫንዲኖው የተሰቀለው በአዲሱ ግድግዳ ላይ ነው። ሆኖም የውኃ መስመሮቹ፣ ማዞሪያዎቹና ሲፎኑ (ውኃ የሚይዘው የፍሳሽ ማጠፊያ) ከሥሩ ተንጠልጥለው ስለሚታዩ ባለቤቴ አልወደደችውም። ቧንቧ ሠራተኛው «ግድግዳውን ፈልፍዬ ሁሉንም ልቅበረው» ይላል፤ ግንበኛው ደግሞ «ግድግዳው አይችልም» ብሎ ይከለክላል። ማንን እንስማ? ወደ ጭቃው ግድግዳ ብናዛውረውስ?

መልስ፦ ግንበኛውን ይስሙ። በተለመደው የግንባታ መመሪያ ቁልቁል የሚፈለፈል ቦይ ከግድግዳው ውፍረት ከሲሶ፣ አግድም የሚፈለፈል ደግሞ ከስድስት አንድ እጅ መብለጥ የለበትም። ይህም በ10 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ አግድም 1.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሆን፣ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ የፒፒአር (የፕላስቲክ) ቧንቧ እንኳን አይገባበትም፤ ባለ 40 ሚሊ ሜትሩ የፍሳሽ መስመርማ ጭራሽ አይታሰብም። ብሎኬት በዚያ ላይ ውስጡ ክፍት ነው፤ ስካርፔሎው (የግንበኛ መሮው) የፊቱን ስስ ገበታ አንዴ ከሰበረው በኋላ ልስን ቢደርቡበትም ጥንካሬው አይመለስም።

የሚሻለው ግድግዳውን ሳይነኩ ከፊቱ ሌላ አጭር ግድግዳ በ10 ብሎኬት ማቆም ነው። ቁመቱ 1.10 ሜትር ያህል ሆኖ አናቱ ሴራሚክ ሲለብስ የሳሙናና የመስታወት መደርደሪያም ይሆናል። መስመሮቹ በብሎኬቱ ክፍተት ውስጥ ይወጣሉ፤ ፍሳሹ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል። አጭሩ ግድግዳ ከነልስኑና ከነሴራሚኩ ከክፍሉ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚወስድ፣ ሥራው ሳይጀመር በሩ ያለችግር መከፈቱን በሜትር ይለኩ። ላቫንዲኖው የሚሰቀልበት ቦታ ላይ የብሎኬቱ ክፍተት በኮንክሪት ተሞልቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ ይቆይ፤ ሰው ተደግፎበት ፊቱን ሲታጠብ ባዶ ብሎኬት ላይ የተመታ ፊሸር (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ነቅሎ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ሁሉም አይቀበርም። ማዞሪያዎቹ፣ ፍሌክሲብሎቹ (ተጣጣፊዎቹ የውኃ ቱቦዎች) እና ሲፎኑ ከግድግዳው ውጭ መቅረት አለባቸው። የፍሌክሲብሉ ጎማ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። ሲፎኑም ፀጉርና ሳሙና ስለሚያጠራቅም መከፈት ይኖርበታል፤ በውስጡ የሚቀረው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ነው የፍሳሹን ሽታ የሚከለክለው። ባለቤትዎን የሚያስደስተው እንግዲህ ግማሽ እግር ይመስለኛል፦ ከላቫንዲኖው ሥር በግድግዳው ላይ በቡሎን የሚታሰር ሸክላ ሲሆን፣ የቀረውን ሁሉ ይሸፍናል፣ ሲያስፈልግም ይወልቃል። በጀትዎ ጠበብ ካለ አጭሩን ግድግዳ ትተው እርሱን ብቻ መግዛት ይችላሉ፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሞክረው ይህንኑ ነው።

ወደ ጭቃው ግድግዳ ማዛወሩን ግን ይተዉት። ጭድ ያለበት ጭቃ ጥቂት ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ልስኑ ፍንጣቂውን ከዓይን ይሸፍንና እንጨቱ እስኪበሰብስ፣ ምስጥም እስኪገባበት ድረስ ማንም አያውቅም።

ቧንቧ ሠራተኛው ፒፒአሩን በሙቀት ሲያጣብቅ የማጣበቂያው ማሽን 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረሱን ይጠብቅ፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ በቀዘቀዘ ማሽን የተጣበቀውን መገጣጠሚያ ቆርጦ እንደገና ይሥራው። ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት መስመሩ በፓምፕ ይፈተሽ። ከሮቶ በሚወርድ ውኃ ብቻ መፈተሽ አይበቃም፤ ታንከሩ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን የሚሰጠው ግፊት ግማሽ ባር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ያልታየ ፍንጣቂ የከተማው መስመር በሙሉ ኃይሉ ሲመጣ ሊወጣ ይችላል። ከዚያም ቧንቧዎቹ ከወለሉና ከግድግዳው ጥግ ያላቸውን ርቀት ለክተው ሜትሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሱ፤ መስታወቱን የሚሰቅለው ሰው ድሪሉን ከማንሳቱ በፊት ያሳዩት።