ግመሉ ጭነቱን የሚያራግፍበት ቦታ

በመካከለኛው ዘመን በሸዋ ምሥራቃዊ ተዳፋት የነበረው የእስላም ሱልጣኔት ኢፋትና የምዕራብ አፍሪካው የማሊ መንግሥት የበለጸጉት ወርቁን በእጃቸው ስላደረጉ ነው ወይስ መንገዱን ስለያዙ፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮንስ ኢፋትን ድል ካደረጉ በኋላ ገዢውን ቤተሰብ ለምን አልነቀሉትም ብለው ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ዋናው ነገር ጭነት ከአንዱ ማጓጓዣ ወደ ሌላው የሚዛወርበትን ቦታ መያዛቸው ነው።

ይህን የተረዳሁት መቐለ ሆኜ እንግዶችን ወደ ዳሎል በማስጎበኝበት ዘመን ነው። መጀመሪያ ላይ አርሆዎቹ (በግመል ጨው የሚያጓጉዙት ነጋዴዎች) ከአሳሌ የጨው ሐይቅ የጫኑትን አሞሌ ይዘው በገደሉ ሸለቆ እስከ ደጋው ድረስ ይወጡ ነበር፤ ለመልሳቸውም ድርቆሽ በየመንገዱ እያስቀመጡ ይወርዱ ነበር። የአስፋልቱ መንገድ ሲደርስ ግን ግመሎቹ ብራህሌ ላይ እያራገፉ ጨውን ለጭነት መኪና ማስረከብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ጨውን ቆርጦ የሚያወጣው አፋር ኑሮ ብዙም ሲለወጥ አላየሁም፤ መጋዘን ያለው፣ ደላላው፣ ሻይ ቤት የከፈተውና ቀረጥ የሚሰበስበው ግን ወዲያው ተንቀሳቀሰ።

ኢፋትን በዚህ ዐይን ይመልከቱት። ከዘይላ ወደብ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በረሃውን በግመል ያቋርጣል፤ የሸዋ ተራራ ግርጌ ሲደርስ ግን ዳገቱና የደጋው ጭቃ ለግመል ስለሚከብድ ጨርቁና ሌላው ሸቀጥ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራል፤ ከደጋው የሚወርደው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ እንዲሁም (መሸፋፈን አይገባም) ባሪያ፣ በተራው እዚያው ግመል ይጠብቃል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሡት የኢፋት ገዢዎች፣ የወላስማ ሱልጣኖች፣ መቀመጫቸውን ያደረጉት በዚሁ ተዳፋት ላይ ነው። አል ዑመሪ የተባለው የግብፅ መንግሥት ጸሐፊ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ በኢፋት የግብፅ ገንዘብ ይሠራበት እንደነበረ መዝግቧል፤ በአንጻሩ ከሌሎቹ የእስልምና ግዛቶች በአንዳንዶቹ መገበያያው ሐኩና የሚባል የብረት ቁራጭ ነበር። የባሕሩ ንግድ የት ድረስ እንደዘለቀ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ስለ ማሊም የነገረን ይኸው ጸሐፊ መሆኑ ደስ ይለኛል። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ እ.ኤ.አ. በ1324 በካይሮ ሲያልፍ የበተነው ወርቅ ስሙን ዓለም አቀፍ አደረገው፤ ይሁን እንጂ የማሊ ነገሥታት ወርቅ አውጪዎቹን በቀጥታ ከመግዛት ይቆጠቡ ነበር፤ ምክንያቱም አንዱን የወርቅ አገር ሲይዙ ምርቱ እዚያ እየደረቀ ሌላ ቦታ ይበዛ እንደነበር አል ዑመሪ ጽፏል። ቲምቡክቱም ብትሆን የበረሃው ግመልና የኒጀር ወንዝ ጀልባ የሚገናኙባት ከተማ እንጂ የወርቅ ማዕድን አልነበረችም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 የኢፋትን ገዢ ሰብረ ዲንን ድል ካደረጉ በኋላ የሾሙት የዚያኑ የሰብረ ዲንን ወንድም ጀማል ዲንን ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው እንጂ የንጉሡ ዜና መዋዕል በዚህ መልክ አያስረዳም፦ ከዘይላ ነጋዴዎች ጋር ቋንቋና ሃይማኖት የሚጋራ፣ የግመል ባለቤቶቹንም የሚያውቅ ሰው ከሥልጣን ቢወገድ፣ ጭነቱ ሌላ ቁልቁለት ፈልጎ ይወርድ ነበር፤ ንጉሡም ግብር የሚሰበስቡበት ገበያ ባልተረፈ ነበር።